አንድ ስንዝር ከወለሉ በላይ

የካቲት 3

ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር፦ ዛሬ ረፋዱ ላይ ሽንኩርት ከትፌ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አልኩ።

ከፍ ብዬም ጥቂት ቆየሁ። ድስቱን ከላይ አየሁት። ውሃ አንሶታል። ወረድኩና ጨመርኩ።

ከራስ በላይ ነፋስ ሲሉ እሰማለሁ። ከእግር በታችም ነፋስ እንዳለ ግን በዚህ ዕድሜዬ ማወቄ…

የቀረው ቀን ተራ ነበር። የሰው መጋረጃ ጠርዝ ሰፋሁ። ሊዘንብ አስቦ ተወው። ጫማ ሰሪው ከታች ሲቀጠቅጥ ዋለ።

የካቲት 4

የትናንቱን ሳነበው እብድ የጻፈው መሰለኝ። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ደራሲው ካላስረዳኝ እናደዳለሁ። እንግዲህ ላስረዳ።

ሟቹ ባሌ የመድረክ ምትሃት ያሳይ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ላይ ስሙ «ላባው» ነው። እነዚያ ወረቀቶች እስካሁን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተለጥፈዋል። ፊደል የቆጠርኩት ከእነሱ ነው፣ ያለ አስተማሪ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ይንሳፈፋል» ነበር። ከዚያ ወዲህ የከበደኝ ቃል የለም።

የሚንሳፈፈው በሚዜው ነው። ሚዜው ማለት ራሱ ከብስክሌት ቧንቧ የሠራው የብረት እግር። ሚዜ ያለው፣ ከኋላ ቆሞ ስለሚደግፍና ሰው ሁሉ ሙሽራውን ብቻ ስለሚያይ ነው። ከግራ ጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በጠፍር ይታሰራል። አንዱ ቧንቧ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ኪስ ውስጥ ያለውን ሲባጎ ስትስቢ፣ ከተረከዝሽ ኋላ መዳፍ የምታህል ብረት ወርዳ ወለሉን ትረግጥና ትቆለፋለች። ያን ጊዜ ክብደትሽን ወደ ግራ ጥለሽ ጉልበትሽን ታቀኛለሽ። በቃ። ራስሽ ላይ ያሰርሽውን ደረጃ ራስሽ ወጣሽበት ማለት ነው። የቀኝ ጫማ ከግራው ጋር በትንሽ መንጠቆ ይያያዛል፤ ስለዚህ ሁለቱም እግር አየር ላይ ነው። ለመውረድ ሲባጎውን ደግመሽ መሳብ ነው።

ከኋላ ያለውን ብረት የሚሸፍነው የሱሪው እጥፋት ነው። ሲባጎው ሲሳብ እጥፋቱም አብሮ ወደ ታች ይዘረጋል። ጥቁር ጨርቅ፣ ከጥቁር መጋረጃ ፊት… ማን ያያል?

በየዓመቱ ሚዜውን አውጥቼ ዘይት እቀባዋለሁ። ዘንድሮ እግሬ ላይ አሰርኩት። ለምን? እንጃ። ሽንኩርቱ ይሆናል።

እጥፋቱን የምሰፋው እኔ ነበርኩ።

የካቲት 6

እትዬ ድንች ይዛ መጣች።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው። መጀመሪያ ድንቹ ይገባል፣ ቀጥሎ ትንፋሿ፣ ከዚያ እሷ። እስከ ዛሬ «ሙሽራ» ነው የምትለኝ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ባሌን ቀብሬ… አሁንም ሙሽራ።

ድንቹን ልቀበላት ስል እጄን መታ አደረገችው። ሁልጊዜ እንዲሁ ናት። ከባድ ከባዱን የምትገዛልኝ እሷ፣ ደረጃውን ይዛ የምትወጣው እሷ። ብርድ ልብሴን እንኳ አላስነካም ብላ ታጥበዋለች።

ዛሬ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነገረችኝ። መጋቢት ሲጋመስ ጠቅልላ ልጇ ጋ ትሄዳለች። የቀኝ ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ብሏል። የልጇ ቤት ሩቅ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ። ቤቱ ግን ደረጃ የለውም፤ ምራቷም ደግ ናት አለች።

«ድንቹን ማን ሊያወጣልሽ ነው?» አለችኝ። ሌላ ያሳሰባት ነገር የለም።

ከሷ በቀር ሰው የለኝም። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ልነግራት የሚገባ ነገር አለ። ከነገርኳት… ሳትሄድም ትሄዳለች።

የካቲት 7

ልጻፈው። መጻፍ መናገር አይደለም።

በተጋባን ሰሞን ነው። አንድ ተዘዋዋሪ ቡድን ባሌን ሊወስደው መጣ። ከከተማ ከተማ፣ ዓመት ሙሉ። በቅድሚያ በትልቁ አዳራሽ አንድ ጊዜ ሊያዩት ፈለጉ። እኔ በዚህ ከተማ ከሱ ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረም። በር ዘግቼ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስፋጠጥ ታየኝ።

እጥፋቱን በሁለት ጣት አሳጠርኩት።

ተሳስቼ አይደለም። ለክቼ፣ በጠመኔ አስምሬ፣ ቆርጬ።

እትዬ አርፍዳ ስለመጣች ዳር ላይ ነበር የተቀመጠችው። ባሌ ከፍ ሲል ብረቱ በመብራቱ ብልጭ አለ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። የሷ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ «ወይኔ ወንድሜን፣ ሦስተኛ እግር አወጣ!» አለችና ሳቀች። እሷ ስትስቅ ደግሞ ማን ይችላል… አዳራሹ ተከትሏት ፈነዳ። የቡድኑ ሰዎች ሳይቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ሦስት እግሩ» አለው። ዳግመኛ መድረክ አልወጣም። የስፌት መኪና ሲጠግን ኖረ። በየምሽቱ በጊዜ ቤቱ ገባ። የፈለግሁት ሆነልኝ ማለት ነው… አንድም ቀን ስለ እጥፋቱ አልጠየቀኝም። አውቆ ይሆን? ሱሪውን አጣጥፎ ሲሰጠኝ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደረገው ትዝ ይለኛል። ልማዱም ሊሆን ይችላል።

እትዬ ግን ወንድሟን ከመድረክ ያወረደው ሳቋ መሰላት። ድንች ማመላለስ የጀመረችው በሳምንቱ ነው። «የወንድሜ ካሳ» ትለዋለች። እሱ ከሞተ በኋላም አላቋረጠችም። ሠላሳ ዓመት። ሳቅ ሲመጣባት አፏን በእጇ ታፍናለች፤ ሳንለያይ ብንኖርም ከዚያ ቀን ወዲህ ከልቧ ስትስቅ አልሰማኋትም።

እኔም አየኋት፣ ዝም አልኩ፣ ድንቹን በላሁ።

የካቲት 10

ሐሳቤ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሚዜውን ላሳያት። ያን ጊዜ ያላየችውን ፍጻሜ ትየው። ከዚያ እነግራታለሁ።

ስጦታ ማስቀደም ይባላል። ጉቦ ነው እንጂ ምን ስጦታ።

ለማንኛውም ልምምድ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። አንዱን ወደቅሁ። ወገቤን ሳይሆን ባልዲውን ነው የመታሁት፣ ተመስገን። ጫማ ሰሪው ከታች ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። እኔም በእግሬ መለስኩለት። ተግባባን።

የካቲት 14

ጠፍሩ በስብሶ ተቆረጠ። ይዤው ወደ ጫማ ሰሪው ወረድኩ። አዲስ እንዲሠራልኝ፣ ከጉልበት በታች የሚታሰር፣ ጠንካራ። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጉልበቴን ያመኛል አልኩት።

አሮጌውን ጠፍር አገላበጠው። ጉልበት የሚያመው ሰው አራት ዘለበት አያስፈልገውም እንደማለት አድርጎ አየኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ አልተናገረውም። ከላይ የሚሰማው ዳንስ ምን እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

«ዕቃ እያስተካከልኩ ነው» አልኩት።

«የሚወድቀው ዕቃ ይብሳል ጎረቤት» አለኝ። «ቀላል ቀላሉን ይጣሉ።»

የካቲት 16

የባሌ ችግር ሱሪ መልበሱ ነበር። ሱሪ ሚስጥር አይቋጥርም። ዛሬ ረጅሙን ጥቁር ቀሚሴን ፈትቼ ከኋላ እጥፋት ሠራሁለት። መስታወት ፊት ቆሜ ሲባጎውን ሳብኩ… ምንም አይታይም። ከፊት የጫማዬ አፍንጫ ብቻ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ። የራሴን ፊት ደንግጬ አየሁት። አሳመነኝ።

እጥፋቱን ሁለት ጊዜ ለካሁት። አራት ጣት ትርፍ አደረግሁ።

የካቲት 19

ወጣሁ። ወረድኩ። ወጣሁ። ወረድኩ። እግሬ ለመደው። ምላሴ ነው ያልለመደው።

የካቲት 21

እትዬ መጣች። ድንች፣ ሁለት ጎመን፣ አንድ ዱባ። ዱባውን ምን አድርጊው ነው የምትለኝ?

ሻይ አፈላሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ምነው፣ ጥርስሽን ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። ዘጋሁት።

በምትኩ አነበብኩላት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሳነብላት ደግሞ ዝም ብላ አትሰማም። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት እህቷን ታታልላለች። እትዬ ተቆጣች። ይቺን ሴት እኔ ባገኛት ምን እንደማደርጋት አውቃለሁ ስትል ዋለች። ምን እንደምታደርጋት በዝርዝር ነገረችኝ። ገጹን ዘለልኩት።

የካቲት 25

እንዴት ብዬ ልጻፈው? በመጀመሪያ፣ በሕይወት አለሁ።

እትዬ እንደ ልማዷ ድንች ይዛ መጣች። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ዳር ሳይሆን መሃል፣ ፊት ለፊቴ። ጥቁሩን መጋረጃ ጀርባዬ አደረግሁ። ምን ላደርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝም ብለሽ እይ አልኳት። ሲባጎውን ሳብኩ።

ከፍ አልኩ። እንደ ዛሬ አምሮልኝ አያውቅም።

እጇ ወደ አፏ ሄደ። ስትስቅ ጠበቅኋት፤ አልሳቀችም። እንባዋ ወረደ።

«ያን ቀን ይሄን አፌን ብዘጋው ኖሮ» አለች።

ወርጄ፣ ቀሚሴን አስተካክዬ፣ ሻይ ቀድቼላት ልነግራት ነበር ሐሳቤ። አፌ አልጠበቀኝም። እዚያው አየር ላይ እንዳለሁ፣

«እትዬ፣ ሳቅሽ አይደለም። የሱሪውን እጥፋት ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ። ትቶኝ እንዳይሄድ።»

ጫማዬን አየች። ፊቴን አይደለም፣ ጫማዬን። ከዚያ ተነሳች።

«ሠላሳ ዓመት ድንች ተሸክሜልሻለሁ» አለች። በቀስታ ነው ያለችው። ወጥ ቤት ገባች፣ ያመጣችውን ድንች መልሳ ብድግ አደረገች፣ ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ልከተላት ሲባጎውን ሳብኩ። ተበጠሰ።

ጫማዎቼ እንደተያያዙ፣ ብረቱ እንደተቆለፈ። ጎንበስ ብል እወድቃለሁ። ልርገጥና ጫማ ሰሪውን ልጥራው ብል… በምን እግሬ? ቁም ሳጥኑን አቅፌ ቆምኩ። ኃጢአቷን ተናግራ አየር ላይ የቀረች ሴት። መጽሐፍ ላይ ባነበው ደራሲው አበዛው እል ነበር።

ሳልጠራው መጣ። ክፍቱ በር ላይ ቆሞ አየኝ። ቀጥሎ ወለሉን አየ። ደግሞ እኔን።

«የባልዎ እህት ድንች ይዘው ሲወርዱ አየሁ» አለ። «ይዘው ሲወጡ እንጂ ሲወርዱ አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ቢሆን ነው ብዬ ነው።»

ዞሮ ከኋላዬ ተንበረከከ። ብረቱን በጣቱ ዳሰሰ።

«ጉልበቴን ያመኛል አላሉኝም ነበር?»

«ያመኛል» አልኩት። እውነቴን ነው። ያን ሰዓት በጣም ያመኝ ነበር።

መቆለፊያውን በወስፌው አስለቀቀው። ስወርድ ክንዴን ያዘኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ሲባጎ ለዚህ እንደማይሆን፣ በሰም የተቀባ የጫማ ክር እንደሚሻል ነገረኝ። ሌላ ምንም አላለም።

የካቲት 26

አልመጣችም።

የካቲት 28

አልመጣችም። ድንቹ አለቀ። ዱባው አለ። ዱባ ጠላሁ።

ሸክም ከልብ ሲወርድ ይቀላል ይላሉ… ማን ነው ያለው? እኔ ያወረድኩትን ነው እሷ ይዛ የሄደችው።

መጋቢት 1

ገበያ ወጥቼ ድንች ገዛሁ። ወደ እትዬ ቤት ተሸክሜ ሄድኩ። የሷ ቤት ከኔ ይልቅ ከፍታ ላይ ነው፤ ደረጃው ገደል ነው። መሃል ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ድንች ይከብዳል።

በሩን ከፈተች። እኔን ሳይሆን ጆንያውን አየች።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«አሥር።»

«እኔ አሥራ አምስት ነበር የማመጣልሽ።»

ግቢ አላለችኝም፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ገባሁ። ቢላ ሰጠችኝ። ትይዩ ተቀምጠን ድንች መላጥ ጀመርን። ቤቱ ግማሹ በካርቶን ታሽጓል። መጋረጃዎቹ ወርደዋል።

ለምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ። ብቻዬን እንዳልቀር ነው አልኳት።

«እኔ አልነበርኩም?»

«ያኔ አላውቅሽም ነበር።»

ላጥን። ላጥን። ከዚህ ሁሉ ድንች ምን ልትሠራ እንደሆነ ልጠይቃት ፈራሁ። ስለ ወንድሟ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ሙሽራ» አለችኝ። ሙሽራ ስትለኝ ልቤ መለስ አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ? ያን ቀን የሳቅሁት ስለሚያስቅ ነው።»

አየኋት።

«እንደዚያ የሚያስቅ ነገር አይቼ አላውቅም። ለሠላሳ ዓመት አያስቅም እያልኩ ራሴን ስገርፍ… ያስቅ ነበር እኮ። አገጩን ሽቅብ አድርጎ፣ ንጉሥ መስሎ፣ ከኋላው ያቺ ቀጭን እግር…»

አልጨረሰችውም። ቢላውን ጣለች። እጇ ወደ አፏ ጀመረና መንገድ ላይ ቀረ። ያ ሳቅ ወጣ፤ አዳራሽ የሚያፈነዳው። ካርቶኖቹ ሳይቀሩ የሳቁ መሰለኝ። እኔም… ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ፣ የድንች ልጣጭ መሃል። ሟቹም ይቅር ይበለን።

እንባዋን ከጠረገች በኋላ ኮስተር አለች። እንዳልማረችኝ እንዳውቀው ነው የፈለገችው። ለወንድሟ ካሳ መክፈል የነበረብኝ እኔ እንጂ እሷ አልነበረችም፤ ስለዚህ ዕዳው ወደኔ ዞሯል።

«እሺ» አልኩ። «ምን ላድርግ?»

«እኔንም አየር ላይ አውጪኝ።»

መጋቢት 5

ጫማ ሰሪውን ምሥጢረኛ አደረግነው። ካየው በኋላ ምን ቀረን? ጠፍሩን ደርቦ ሰፋው። ብረቱን የሚገፋውን ሞላም በወፍራም ለወጠው። የሚሸከመውን ክብደት ማወቅ ነበረበት፤ እንዴት ብሎ እንደሚጠይቃት ጠፍቶት አንገቱን ሲያሽ እትዬ ገላገለችው።

«ከሦስት ጆንያ ድንች አላንስም፤ ይጻፉት።»

ደስ አለው መሰለኝ። አራት ብሎ ሲያጉረመርም ሰማሁት። እሷም ሰማችው። ቆዳውን ዳግም እንዲደርብ አዘዘችው።

ዕድለኛ ናት። ያመማት የቀኝ ጉልበቷ ነው፣ ሚዜው የሚታሰረው በግራው።

መጋቢት 9

ወጣች።

መጀመሪያ ጫማ ሰሪውና እኔ በሁለት ክንዶቿ ይዘናት። ወደ ታች አትይ እላታለሁ፣ ወደ ታች ታያለች። ትንፋሽሽን ያዢ እላታለሁ፣ ታወራለች። አምስት ጊዜ ሞክረን አምስት ጊዜ ተሳደበች፣ በተለይ ብስክሌት የፈጠረውን ሰው።

በስድስተኛው ልቀቁኝ አለች። ለቀቅናት። ክብደቷን ጣለች፣ ጉልበቷን አቀናች… እትዬ ያን ሁሉ አካሏን ይዛ አየር ላይ ቆመች። ጫማ ሰሪው ባርኔጣውን አወለቀ። ምን እንደሚሰማት ጠየቅኋት።

ዙሪያዋን ቃኘች።

«ቁም ሳጥንሽ አናቱ ላይ አቧራ ነው» አለች።

መጋቢት 13

ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ሻንጣዋን ያወረድኩት እኔ ነኝ። እምቢ አላለችም።

ሚዜው አብሯት ይሄዳል። የምራቷ ዘመዶች ለሰላምታ ሲሰበሰቡ ፊታቸው ከፍ ልትል አስባለች። አንድም ቃል ሳታስጠነቅቃቸው። እኔንም ከጥቂት ወራት በኋላ ተከትለሽኝ ነይ ብላ አዝዛኛለች፤ እጥፋቱን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋታል። እሺ ብያለሁ። ካገባሁ ወዲህ ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም… ምን ይለበሳል?

አስተሳሰሩን ጻፊልኝ አለች፤ ምራቷ ታነብላታለች። ንጹህ ወረቀት አውጥቼ ከዚህ ደብተር መገልበጥ ጀመርኩ። የትኛው ዘለበት ቀድሞ እንደሚጠብቅ። ክሩ በሰም እንዲቀባ። ወደ ታች እንዳታይ። እየሄደልኝ ነበር፤ እጥፋቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እጥፋቱ ሁለት ጣት ቢያንስ ምን እንደሚሆን ያ አዳራሽ ሳይነሳ እንዴት ይጻፋል? ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ።

ምራቷን አላውቃትም። አይቻት የማላውቃት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ይህን ሁሉ ታነበዋለች… ስለ ዱባው፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ጠመኔው። ባስበው ጆሮዬ ጋለ። ቢሆንም አንዲት ገጽ አልቀደድኩም።

የገለበጥኩትን ወረቀት ለምድጃ ሰጠሁት። ደብተሩን እንዳለ ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከብረቱ ጎን አስገባዋለሁ። የምታነበው ምራቷ ብትሆንም የምትሰማው እትዬ ናት።

አንቺ የምታነቢላት ልጅ፣ እዚህ ስትደርሺ ቆም በይላት። ሳቋን ትጨርስ።